«ልጅሽ ተንጠልጥሏል» ያለኝ የት/ቤቱ የስልክ አስተርጓሚ፦ ከ5 ኮከብ 2 ተኩል

ሰላም ለሁላችሁ። ሪቪው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሹሩባ ሰሪ ይጽፋል፣ እኔ ስለ አስተርጓሚ ልጽፍ ነው። ፐብሊክ ስኩል ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ት/ቤቱ ሲደውል መጀመሪያ እንግሊዝኛ፣ ከዛ ሙዚቃ፣ ከዛ «ጤና ይስጥልኝ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ መለያ ቁጥሬ እንዲህ እንዲህ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። እሱን ነው የምገመግመው። የካምፓኒውንም የት/ቤቱንም ስም አልጠራም ምክንያቱም ልጄ ገና እዛው ነው የሚማረው። ያለነው ዲሲ ዙሪያ ሜሪላንድ በኩል ነው። በአንድ አመት ውስጥ አራት አስተርጓሚ ደርሶኛል፣ ሶስቱ በስልክ አንዷ በአካል። ለወላጅ ዋጋው ዜሮ ነው፣ የሚከፍለው ት/ቤቱ ነው፣ እሱንም ደግሞ ለጽድቅ አይደለም የሚያደርገው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አንደኛው፣ 1 ኮከብ።

ሆቴል ነው የምሰራው፣ ረፋዱ ላይ አንሶላ እየቀየርኩ ስልኬ ጮኸ። የት/ቤቱ ቁጥር ስለሆነ ሱፐርቫይዘሯን እያየሁ አነሳሁት። አንዲት ሴት ቶሎ ቶሎ ታወራለች፣ አስተርጓሚው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «እህቴ፣ ልጅሽ ለሁለት ቀን ተንጠልጥሏል» አለኝ። ምን? «ተንጠልጥሏል ነው የምትለው።» የእንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ እዛው ቁጭ አልኩ። ማነው ያንጠለጠለው? የት ላይ? «እኔ እንጃ እህቴ፣ ሰስፔንድድ ነው ያለችው።» ኧረ በፈጠረህ! ሰስፔንድ ብለህ ብትተወው እኮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር፣ እዚህ አገር ስንት አመቴ ነው! ታግዷል ማለት ነው በቃ፣ ልጅ ገፍትሯል ተብሎ ሁለት ቀን እንዳይመጣ።

እንግዲህ ይሄ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል፣ በሱ ብቻ ኮከብ አልቀንስበትም ነበር። የቀነስኩበት ከዛ በኋላ ላደረገው ነው። «ልጄ ተጠይቋል ወይ? እሱ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጄ ያኔ 7 አመቱ ነው፣ ንግግሩ ወደ ኋላ የቀረ ነው፣ ሲደነግጥ ጭራሽ ዝም ነው የሚለው። ሰውዬው ጥያቄዬን ወደ እንግሊዝኛ አላሻገረውም። ለኔው መልሶ «እህቴ አሁን እሱ ምን ያደርጋል፣ ሁለት ቀን ነው፣ ያልፋል» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁት። ማታ ባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው የገባኝ፣ ሰውዬው እኮ ያማክረኝ ጀመር፣ እኔ ደግሞ ምክር መች ጠየቅኩት።

ያን ሌሊት ከትልቋ ልጄ ጋ ጎግል ላይ ተቀምጠን አነጋን ማለት ይቻላል። በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጎስ እና ሎፔዝ በሚባለው ክስ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ያሉ ተማሪዎች ሳይጠየቁ ታግደው ወላጆቻቸው ከሰው፣ ፍርድ ቤቱ እገዳው 10 ቀንም ይሁን ከዛ ያነሰ ልጁ ምን አጠፋ እንደተባለ ይነገረው፣ አላደረግኩም ካለ ማስረጃው ይገለጽለት፣ የራሱን ወገን ይናገር ብሏል። 5 ለ4 ነው ያለፈው፣ ለትንሽ ነው። ረጅም ችሎት ምናምን አይደለም፣ ኮሪደር ላይ የአምስት ደቂቃ ወሬም ይበቃል። ግን መጠየቅ አለበት። የኔ ጥያቄ እሷው ነበረች፣ ሰውዬው ጉሮሮ ላይ ቀረች።

(በነገራችን ላይ አገር ቤት እኔ ስማር ሰስፔንድ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ነው፣ ወላጅም አርጩሜውን ይዞ ነው የሚመጣው። በኛ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በት/ቤት አካላዊ ቅጣት አይቀጣ ይላል፣ እኔ ግን ሕገ መንግሥቱ ከወጣም በኋላ ነው አራተኛ ክፍል ሆኜ ኩርኩሙን የበላሁት። ደግሞ የገረመኝ የአሜሪካው ፍርድ ቤት በ1977 በት/ቤት መገረፍ ከሕገ መንግሥቱ ጋ አይጋጭም ብሏል፣ የሚከለክሉት ስቴቶች በየራሳቸው ሕግ ነው፣ ሜሪላንድም ከልክላለች ተመስገን። ወረቀቱ እኛ ጋ ያምራል ማለት ነው፣ እጁ ነው ያስቸገረው።)

ስልክ ሳይኖር ምን ይሆናል ለምትሉ፣ ልጄን ላመጣ ስሄድ ኦፊስ ያለችው ሴትዮ አስተርጓሚ አልደወለችም፣ ትልቋን ልጄን ነው ከክላስ ያስጠራቻት። ት/ቤቱ እስከ 8ኛ ስለሆነ ሁለቱም እዛው ናቸው። ልጅ ስታስተረጉም ታውቃላችሁ አይደል፣ ሴትዮዋ ብዙ ትላለች፣ ልጄ «ማሚ ደህና ነው ብላለች» ትለኛለች። ወንድሟን መሸፈኗ ነው፣ ደግሞ እኔ እንዳልደነግጥም። ምን ላድርጋት፣ የሰጧትን ስራ ነው የሰራችው፣ 13 አመቷ ነው እኮ።

እዚህ ላይ ሕጉን ላምጣው። በ2015 የፌደራል የትምህርትና የፍትሕ መስሪያ ቤቶች ባወጡት መመሪያ ት/ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ያነጋግር፣ ልጆችን አስተርጓሚ አያድርግ ተብሎ ነበር። በ2025 ማርች ላይ ፕሬዝዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ኦፊሻል ቋንቋ አደረጉ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉም አገልግሎቱ ይድረስ የሚለውን የክሊንተን ጊዜ የ2000 ትእዛዝ ሰረዙ፣ የ2015ቱም መመሪያ በዛው አመት ተነሳ። ይሄን ሰምታችሁ «በቃ ቀረ» የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ ስትሉ ሰምቻለሁ። አልቀረም! የተነሳው መመሪያው ነው፣ ሕጎቹ አሉ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ አለ። በሱ ላይ የቆመው የ1974ቱ የላው ውሳኔ አለ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 1800 የሚሆኑ የቻይና ልጆች እንግሊዝኛ ሳይችሉ ዝም ብለው ክላስ ተቀምጠው ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ያው መጽሐፍ ያው አስተማሪ መስጠት እኩልነት አይደለም አለ። የስፔሻል ኤዱኬሽን ሕጉ ደግሞ ለብቻው አለ፣ ለአይኢፒ ሚቲንግ (ልጁ የሚያገኘው ልዩ እርዳታ በጽሑፍ የሚወሰንበት ስብሰባ ነው) ወላጁ የሚባለውን እንዲረዳ ት/ቤቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያድርግ፣ አስተርጓሚ ማቅረብም ጭምር ይላል። ለጽድቅ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ 2 ኮከብ።

ይቺኛዋ ሴት ናት፣ ድምጿ ማር ነው፣ «እናት እንደምን ዋልሽ» ስትል ደስ ትላለች። የተደወለው ለልጄ ግምገማ እንዲደረግ ነው። እሱ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ዋናው እሱ ነው። ሁለት አመት ሙሉ «ኢሶል ተማሪ ነው (እንግሊዝኛ ገና የሚማር ማለት ነው)፣ እንግሊዝኛው ሲሻሻል ይስተካከላል» ሲሉኝ ከረሙ። ልጄ በአማርኛም እኮ ውሃን «ዋዋ» ነው የሚላት፣ በ7 አመቱ! ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የለም፣ ታዲያ አማርኛውንም እንግሊዝኛ ነው ያበላሸው? ሕጉ ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ የአካል ወይ የአእምሮ ችግር አለበት አትበሉ ይላል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ እነሱ ግን ገለበጡትና እንግሊዝኛ ስለማይችል አንመረምረውም አደረጉት።

መንገዱን ያሳየችኝ አንዷ አስተማሪው ናት። አንድ ቀን ስወስደው ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝና ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግምገማ እፈልጋለሁ ብለሽ ጻፊ፣ በወሬ አይደለም፣ በኢሜይል፣ ቀን ያለው» አለችኝ። ለምንድነው የምታንሾካሹክ ብዬ ተናድጄባት ነበር፣ አጥፍቼ ነው። አስተማሪ እዚህ እንደምናስበው ነፃ አይደለም ለካ። በ1968 ፒከሪንግ የሚባል የኢሊኖይ አስተማሪ የት/ቤት ቦርዱን የገንዘብ አጠቃቀም ተችቶ ለጋዜጣ ጽፎ ተባረረ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሱ ፈረደ፣ እንደ ዜጋ የመናገር መብት አለው አለ። በ2006 ግን በሌላ ክስ የመንግስት ሰራተኛ በስራ ግዴታው ውስጥ ለሚናገረው የሕገ መንግሥቱ የንግግር ከለላ የለውም አሉ። እንግዲህ ስለ ልጄ ለፕሪንሲፓሉ መንገር ስራዋ ነው፣ ስራዋ ስለሆነ ደግሞ ከለላው ይሳሳል፣ እንቆቅልሽ ነው። ሌላ መከላከያ አለ፣ በ2005 በርሚንግሃም አላባማ የሴት ልጆች ባስኬትቦል ቡድን ተበደለ ብሎ አሰልጣኝነቱን የተነጠቀ አስተማሪ አሸንፏል፣ ስለ ተበደለ ሰው የተናገረን መበቀል ራሱ አድሎ ነው ተብሎ። የአካል ጉዳተኞች ሕጉም በቀልን ይከለክላል። ግን እሱ ሁሉ ከተባረርሽ በኋላ ጠበቃ ይዘሽ ነው፣ ሴትዮዋ የቤት ኪራይ አለባት። አንሾካሹካም ቢሆን ነገረችኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ወደ አስተርጓሚዋ ልመለስ። ጻፍኩ፣ ደወሉ። እሷም «ልጅሽ ለልዩ ትምህርት ታስቧል፣ ፍቃድሽን ይፈልጋሉ» አለችኝ። ልዩ! እኔ ጎበዞቹ የሚገቡበት መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ደሴ እናቴ ጋ ደውዬ «ልጁ ለልዩ ተመረጠ» አልኩ፣ እናቴ እውነትም እልል አለች፣ ለጎረቤት ቡና አፈላች። ሁለት ቀን ቆይቶ ነው ባሌ ወረቀቱን ያየውና «ኧረ ሴትዮ ይሄ ስፔሻል ኤድ ነው» ያለኝ። ለእናቴ እስካሁን አላስተካከልኩም፣ ተዉት። ቃሉ አልተሳሳተም እኮ፣ መዝገበ ቃላቱ ላይ ልክ ነው። ግን ዞር ብላ «ይሄ ማለት ለመማር የሚቸገሩ ልጆች የሚያገኙት እርዳታ ነው» ለማለት ካውንስለሯን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረባት። ማር ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

ፍቃዱን ግን ፈረምኩ፣ እሱ ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም በፌደራሉ ሕግ ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው ያላቸው። ካለናንተ ፊርማ የመጀመሪያውን ግምገማ መጀመር አይችሉም፣ ግምገማው ካልጣማችሁ ደግሞ ገለልተኛ ባለሙያ በት/ቤቱ ወጪ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ወይ ይከፍላሉ ወይ የኛ ልክ ነው ብለው እነሱ ክርክር ይጠይቃሉ። ይሄን ማንም በስልክ አልነገረኝም።

ሶስተኛው፣ ዜሮ መስጠት ስለማይቻል 1።

የአይኢፒ ሚቲንግ። ስድስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ መሃል ላይ ስልክ በስፒከር፣ ስልኩ ውስጥ ሰውዬ፣ ከሰውዬው ኋላ የሚያለቅስ ህፃን እና ቴሌቪዥን። የስፒች ቴራፒስቷ ወረቀት እያገላበጠች አምስት ደቂቃ አወራች፣ ቁጥር ትጠራለች፣ ግራፍ ታሳየኛለች፣ ጨረሰችና ስልኩን አየችው። ስልኩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል ነው የምትለው።» አምስት ደቂቃ! ሌላ ምን አለች ስለው «ዋናው እሱ ነው»። ቀጥሎ ሳይኮሎጂስቱ፣ እንደዛው። መጨረሻ ላይ ወረቀት ገፋ ተደረገልኝ፣ ሁሉም እያየኝ ነው፣ ሰውዬው ከስልኩ ውስጥ «ፈርሚ እህቴ፣ ችግር የለውም፣ ለልጅሽ ነው» አለኝ። እሱ ወረቀቱን አላየው! እንዴት አድርጎ ነው ችግር እንደሌለው ያወቀው?

አልፈረምኩም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በራሴ ሰባራ እንግሊዝኛ «አይ ዶንት አንደርስታንድ፣ አይ ኖ ሳይን ቱዴይ» አልኩ። ክፍሉ ፀጥ አለ፣ ህፃኑ ብቻ ያለቅሳል። እመኑኝ ለሀበሻ ሴት ስድስት የተማረ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት እንደ ተራራ ነው፣ እኛ «እሺ በሉ» ተብለን ነው ያደግነው። ፕሪንሲፓሏ ግን አልተቆጣችም፣ ሌላ ቀን እንያዝ አለች። ይሄን ያህል ቀላል ነበር ለካ።

ትልቋ ልጄ በዛው ሰሞን ሶሻል ስተዲስ ላይ ስለ ሜሪ ቤዝ ቲንከር ተምራ መጣች፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ጥቁር ጨርቅ ክንዷ ላይ አስራ ስለገባች የታገደች፣ በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሸነፈች ልጅ። «ማሚ፣ ስትታገድ 13 ነበረች፣ እኔም 13 ነኝ» ትለኛለች። እኔ ነጠላ ለብሰሽ ቤተክርስቲያን እንሂድ ስላት «ራይት አለኝ» ማለት ጀመረች፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ግን በሳምንቱ የኦፊሷ ሴትዮ ደግሞ ስታስጠራት በር ላይ ቆማ «ክላስ አለኝ፣ ለእናቴ አስተርጓሚ ጥሩላት» ብላት ተመለሰች። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ፊቴን ቆጣ አድርጌ ሆዴ ግን ይስቃል።

ትንሽ ልውቀስ እኛንም። ከኛ ወዲያ ያሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ወላጆች በ2023 በክፍል በሚነበቡ መጻሕፍት ጉዳይ ሮክቪል ላይ ሰልፍ ሲወጡ የኛ ኦርቶዶክሶች ከሙስሊሞቹ ጋ ጎን ለጎን በብዛት ነበሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 2025 ላይ 6 ለ3 ለወላጆቹ ተወሰነ። በዛ ጉዳይ እያንዳንዱ የራሱ ሀሳብ አለው፣ እሱን እዚህ አልከፍተውም። ግን መውጣት እንችላለን ማለት ነው! ለአስተርጓሚ ግን አንድ ሰው «ይሄ ትክክል አይደለም» ሲል አልሰማሁም፣ ሁላችንም የአክስት ልጅ ይዘን እንሄዳለን።

አራተኛዋ፣ 5 ኮከብ፣ ቢኖር 6።

ከሚቲንጉ በፊት ኢሜይል ጻፍኩ፣ ሶስት መስመር ናት። አስተርጓሚው በአካል ይምጣ፣ ቀደም ብሎ ወረቀቱን ይይ፣ ሰነዶቹ ሚቲንጉ ሳይደርስ ይላኩልኝ። ሜሪላንድ ላለን የመጨረሻዋ መብት ናት፣ ከሚቲንጉ 5 የስራ ቀን በፊት ወረቀቱን መስጠት አለባቸው። ቋንቋችሁ በዲስትሪክቱ ካሉት ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ ደግሞ ያለቀውን አይኢፒ አስተርጉሙልኝ ማለት ይቻላል፣ 30 ቀን አላቸው። በአካል ይምጣ የሚል ሕግ የለም እሱን ልዋሽ አልፈልግም፣ ግን በስልኩ እንዳልገባኝ ጽፌ ነገርኳቸው፣ ከዛ በኋላ እምቢ ማለት ለነሱም ከበዳቸው።

መጣች። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ደብተር የያዘች ሴትዮ። መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ቋንቋ «የሚባለውን ሁሉ አስተረጉማለሁ፣ ምክር አልሰጥም፣ ያልገባኝን አስቁሜ እጠይቃለሁ» አለች። ከኋላዬ ትንሽ ወደ ጎን ተቀመጠች፣ ስለዚህ ሰዎቹ እኔን እያዩ ነው የሚያወሩት፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በስልኩ ሚቲንግ ሲያወሩ ማንም አይኔን አላየኝም ነበር፣ ስልኩን ነው የሚያዩት። ቴራፒስቷ ስታበዛ እጇን አነሳ ታደርጋለች፣ ትቆማለች፣ ሁሉንም ትነግረኛለች፣ ቁጥሩንም ጭምር። «ዲው ፕሮሰስ» የሚለው ሲመጣ አስቁማ ማብራሪያ ጠየቀችና «ካልተስማሙ ገለልተኛ ዳኛ ፊት ቀርበው መከራከር ይችላሉ ማለት ነው» አለችኝ። «ይችላሉ» አለችኝ፣ በአክብሮት። ልጄ በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ስፒች እንዲያገኝ ተጻፈ። ሶስት እንዲሆን ጠየቅኩ፣ ጥያቄዬን ቃል በቃል አሻገረችው፣ ተከራከርን፣ ሁለት ሆኖ ጃንዋሪ ላይ እንደገና እንዲታይ ተስማማንና ፈረምኩ። ስንወጣ ቡና ልጋብዝሽ ብላት «ስራዬ ላይ ነኝ እህቴ፣ ይቅርታ» ብላ መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

እንግዲህ አማካዩ 2 ነጥብ ምናምን ነው፣ 2 ተኩል አልኩት ለሷ ስል። በስልክ የሚሰሩት ሁሉም መጥፎ ናቸው አላልኩም፣ በደቂቃ እንደሚከፈላቸውም ሰምቻለሁ፣ ቤታቸው ህፃን ቢያለቅስ የነሱም ኑሮ ነው። ግን እናንተ ስልክ ሲመጣላችሁ መለያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ካልገባችሁ ሌላ አስተርጓሚ ቀይሩልኝ በሉ፣ «ፈርሚ» የሚል አስተርጓሚ ካጋጠማችሁ አትፈርሙ።

የሴትዮዋን ቁጥር ደብተሬ ላይ አለኝ። ለጃንዋሪው ሚቲንግ እሷ ራሷ ትምጣልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ «ማን እንደሚመደብ እኛ አንመርጥም» የሚል መልስ መጣ። ዛሬ ጠዋት መልሼ ጽፌያለሁ፣ ቀን ያለው፣ አራት መስመር ሆነ አሁን።